ውሻችን ማከክ አላቆመም፦ «አለርጂ ነው» ከማለታችን በፊት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከአልጋ ስር ዱብ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ሰምታችሁ የምታውቁ ከሆነ ምን እንደሆነ መናገር አይጠበቅብኝም፣ ውሻው በኋላ እግሩ ጆሮውን ሲያክ እግሩ ወለሉን እየመታ ነው። እኔ ቤት ይሄ ድምፅ አንድ አመት ከምናምን ቆየ። ቦቢ ይባላል፣ ነጭ ነው፣ 4 ኪሎ ከ200፣ ማልቲዝ ነው ብለው ነው የሰጡኝ ግን እናቱ ማልቲዝ ብትሆንም አባቱን አይቻለሁ የሚል ሰው እስካሁን አልተገኘም። አንድ አመት ተኩል አካባቢ ሲሆነው ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ላይ ጀመረው፣ መጀመሪያ የፊት እግሮቹን መላስ፣ ከዛ ጆሮውን ማከክ፣ ከዛ ወገቡ ላይ ፀጉሩ እስኪሳሳ ድረስ ራሱን መንከስ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «አለርጂ ነው» አለኝ። ጎረቤት አለርጂ አለ፣ ፋርማሲ ያለችው ልጅ አለርጂ አለች፣ ፌስቡክ ላይ የጠየቅኳቸውም አለርጂ አሉ። እሺ አለርጂ ይሁን፣ ግን የምን?

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፣ ይሄን የምፅፈው ጥያቄውን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ባለመጠየቄ ብዙ ብርና ብዙ ሌሊት ስለከሰርኩ ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ማሳከክ ራሱ በሽታ አይደለም፣ ልክ ሰው ትኩሳት አለው እንደማለት ነው። ትኩሳት ያለው ሰው ወባም ሊሆን ይችላል ታይፎይድም ሊሆን ይችላል ጉንፋንም ሊሆን ይችላል። የሚያክ ውሻም እንደዛው ነው፣ ቁንጫ ሊሆን ይችላል፣ እከክ ሊሆን ይችላል፣ ቆዳው ላይ ባክቴሪያ ወይ እርሾ በዝቶ ሊሆን ይችላል፣ የሚበላው ነገር ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ ከአየርና ከአቧራ የሚመጣው አቶፒ የሚሉት አለርጂ ሊሆን ይችላል። ለአቶፒ «ይሄው ተገኘ» የሚል ምርመራ የለም። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ የሚቀረው እሱ ነው። ስለዚህ «አለርጂ ነው» የሚባለው መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይደለም፣ እኛ ሀገር ግን (እኔንም ጨምሮ) ከመጨረሻው ነው የምንጀምረው።

አለርጂ ምንድነው የሚለውን በአጭሩ ልበልና ልለፍ። የሰውነት መከላከያ የግቢ ዘበኛ ነው ብላችሁ አስቡት፣ ስራው ሌባ መያዝ ነው፣ አለርጂ ያለበት ውሻ ላይ ግን ዘበኛው ውሃ ቆጣሪ የሚያነበውንም ሰውዬ በዱላ ይመታዋል። የአበባ ብናኝ፣ አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በአይን የማይታዩ ተባዮች፣ ሻጋታ፣ እነዚህ ሁሉ ምንም የማያደርጉ ነገሮች ናቸው። ሰው ላይ ይሄ ነገር ሲከሰት ብዙ ጊዜ አፍንጫና አይን ላይ ነው የሚወጣው፣ ማስነጠስ ነው፣ ውሻ ላይ ግን በዋናነት ቆዳ ላይ ነው የሚወጣው። በዛ ላይ አቶፒ ያለባቸው ውሾች ቆዳቸው ራሱ ልስኑ እንደተሰነጠቀ ግድግዳ ነው፣ እርጥበቱ ይወጣል ብናኙ ደግሞ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 3 አመት ባለው እድሜ ይጀምራል፣ ዌስት ሃይላንድ ቴሪየር፣ ፍሬንች ቡልዶግ፣ ሺትዙ፣ ላሳ አፕሶ፣ ፐግ የመሳሰሉት ላይ ይበዛል፣ በዘር ይሄዳል ማለት ነው። የ8 አመት ውሻ በህይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማከክ ከጀመረ ሌላ ነገር ነው መጠርጠር ያለባችሁ።

አሁን ለኔ ነገሩን ሁሉ የገለጠልኝን ልንገራችሁ። ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። 12 ሰው ይጭናል እንበል። 4ቱ የአበባ ብናኝ ናቸው፣ 3ቱ አቧራ፣ 4ቱ ደግሞ ቆዳው ላይ የበዛ እርሾ። 11 ሆነ፣ ጠቦናል ግን ታክሲው ይሄዳል፣ ትራፊክም አያስቆመውም። ከዛ 2 ቁንጫ ትርፍ ሲጫን ፊሽካ ይነፋል። ፊሽካው ማለት ማከክ ነው። ውሻው ብናኙ ላይም አቧራው ላይም አለርጂ ነበረው ግን አላከከም፣ ያሳከከው ድምሩ ነው። ጥሩ ዜናው ደግሞ ይሄ ነው፣ ብናኙን ከአለም ላይ ማውረድ አትችሉም፣ ቁንጫውንና እርሾውን ግን ማውረድ ትችላላችሁ፣ 6 ሰው ከወረደ ታክሲው ያለ ቅጣት ይሄዳል። የአለርጂ ህክምና የሚባለው ግማሹ ይሄ ትርፍ የማውረድ ስራ ነው።

በመጀመሪያ የሚወርደው ቁንጫ ነው። እዚህ ጋ ራሴን ላጋልጥ። የመጀመሪያው የወሰድኩበት ቦታ መርፌ ወጉት፣ ማከኩ በማግስቱ ቆመ፣ ደስ አለኝ፣ በሶስተኛ ሳምንቱ ተመለሰ፣ መልሰው ወጉት፣ ሶስት ጊዜ እንደዚህ ተመላለስን፣ በመሃል ምግቡን አራት ጊዜ ቀየርኩ። ቁንጫ ይሆን እንዴ ያለኝ ሰው ነበር፣ ሳቅኩበት፣ 3ኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ቦቢ አልጋ ላይ ነው የሚተኛው፣ ቁንጫ ከየት ይመጣል? ሌላ ሐኪም ጋ ስሄድ ሰውዬው ምንም ሳይናገር ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ማበጠሪያ አወጣ፣ ከጭራው መነሻ በላይ ያለውን ፀጉር ሁለት ሶስቴ አበጠረና የወጣውን ጥቁር በርበሬ ፍርካሽ የመሰለ ነገር ነጭ ሶፍት ላይ አራገፈው። እኔ አፈር መስሎኝ «ትናንት ውጪ ተንከባሎ ነው» አልኩ። ሶፍቱ ላይ ጠብታ ውሃ አደረገበት። ጥቁሩ ነጥብ ዙሪያውን ቀይ ቡኒ ሆኖ ተሰራጨ። ደም ነው። የቁንጫ ሰገራ ማለት ተፈጭቶ የወጣ የውሻው ደም ነው፣ አፈር ቢሆን ኖሮ ጭቃ ነበር የሚሆነው። አንድም ቁንጫ በአይናችን አላየንም፣ ስለሚልስና ስለሚነክስ ቁንጫውን ራሱ ይበላዋል፣ ያ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ቤታችሁ ሶፍትና ማበጠሪያ ካለ ይሄን ዛሬ ማታ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ነፃ ነው።

ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበት ውሻ መቶ ቁንጫ አያስፈልገውም፣ አንድ ሁለት ንክሻ ለቀናት ያሳክከዋል። ምልክቱ ቦታው ነው፣ ወገብ፣ የጭራ መነሻ፣ የኋላ ጭን። አለርጂው አቶፒ ወይ ምግብ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ የምታዩት መዳፍ፣ ጆሮ፣ ብብት፣ ሆድ፣ ፊት ላይ ነው። ይሄ መቶ በመቶ ባይሆንም ለመጠርጠር በጣም ይጠቅማል። ቁንጫው ከየት መጣ ላላችሁ፣ ከደረጃው ነው፣ ደረጃችን ላይ የሚተኙ ሁለት ድመቶች አሉ፣ ውሻና ድመት ላይ በብዛት የሚገኘው ቁንጫ ደግሞ አንድ አይነት ነው፣ የድመት ቁንጫ የሚባለው። እና ሰው የማያውቀው ነገር፣ ውሻው ላይ የምናየው ትልቁ ቁንጫ በአንድ ቤት ውስጥ ካለው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ይባላል፣ ሌላው እንቁላልና እጭ ሆኖ ምንጣፍ ስር፣ ሶፋ ስንጥቅ ውስጥ፣ አልጋ ልብስ ላይ ነው። ሴቷ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች፣ ሙሽሬው (እጩ ወደ ትልቅ ቁንጫ ሲለወጥ ያለው ደረጃ) ደግሞ ጎጆው ውስጥ ተጠቅልሎ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን መድሃኒት አድርጋችሁ «አልሰራም» አትበሉ፣ ቢያንስ 3 ወር ሳይቋረጥ፣ ቤት ውስጥ ያለ እንስሳ ሁሉ አንድ ላይ፣ አንሶላውና ምንጣፉ በሙቅ ውሃ፣ ቫኪዩም ያለው በቫኪዩም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ እንደ አውሮፓ ቁንጫ የሚገታ በረዷማ ክረምት የለም፣ አመቱን ሙሉ ነው።

መድሃኒቱን በተመለከተ አሁን በብዛት የሚሰጡት የሚዋጡ እንክብሎች ናቸው፣ ኔክስጋርድና ሲምፓሪካ በየወሩ፣ ብራቬክቶ 12 ሳምንት ገደማ የሚቆይ። ቁንጫና መዥገር ይገድላሉ፣ እከክም ላይ በጣም ጥሩ ይሰራሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይ የነበረበት ውሻ ካላችሁ ግን ለሐኪሙ ሳትናገሩ አትስጡ፣ በ2018 የአሜሪካው የምግብና መድሃኒት ባለስልጣን ስለዚህ የመድሃኒት ቤተሰብ መንቀጥቀጥና መጣል ሊያስከትል ይችላል ብሎ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ አብዛኛው ውሻ ምንም አይሆንም ግን ይታወቅ። ትንሽ ውሻ ላይ ያለው ሌላው ጣጣ ኪሎ ነው። ለ40 ኪሎ ውሻ የተሰራ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠብ መድሃኒት በርካሽ አግኝተው ለአራት ትንንሽ ውሾች የሚያካፍሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ አታድርጉት፣ በአይን ግምት ነው የምታካፍሉት፣ 3 ኪሎ ውሻ ደግሞ ለግምት አይመችም። እነዚህ የሚንጠባጠቡት ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ መርዝ ያለባቸው አሉ፣ ውሻ ይችለዋል፣ ድመት ላይ ግን ገዳይ ነው፣ ድመትና ውሻ አብረው የሚተኙበት ቤት ተጠንቀቁ።

ቁንጫ ካልሆነ እከክ ነው ወይ ተብሎ ይጠየቃል። እከክ የሚያመጣው ቆዳ ውስጥ ቆፍሮ የሚገባ ጥቃቅን ተባይ ነው፣ የጆሮ ጠርዝ፣ ክርን፣ ሆድ ላይ ይጀምራል፣ ማሳከኩ እብደት ነው፣ ውሻው እየበላ እንኳን አቁሞ ያካል። ቤት ውስጥ ያላችሁ ሰዎችም ክንዳችሁና ሆዳችሁ ላይ ትንንሽ ቀይ ሽፍታ ከወጣባችሁ ዋና ፍንጭ ነው፣ የውሻው ሲታከም የናንተም ይጠፋል። ዴሞዴክስ የሚባል ሌላ አይነት ደግሞ አለ፣ ያ አይተላለፍም፣ ብዙ ጊዜ ቡችላ ላይ አይን ዙሪያና መዳፍ ላይ ፀጉር በመመለጥ ይታያል። ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠ ካያችሁ ግን ቆረቆርም ሊሆን ስለሚችል ህፃናት ካሉ ቶሎ አሳዩት።

እከክ ላይ ሳለን አንድ ነገር ጮክ ብዬ ልናገር። ለከብት የሚሸጠው አይቨርሜክቲን የሚባል የተባይ መርፌ 1 በመቶ ነው፣ አንድ ሚሊ ውስጥ 10 ሚሊግራም አለ፣ ብልቃጡ ላይ የተፃፈውም አንድ ሚሊ ለ50 ኪሎ ነው። ቦቢ 4 ኪሎ ከ200 ነው። «ትንሽ ነው የወጋሁት፣ አንድ ሚሊ ብቻ» የሚል ሰው ለ50 ኪሎ ጥጃ የታሰበውን ነው ለቦቢ የሚሰጠው። በዛ ላይ እንደ ኮሊ ያሉ ዘሮችና ከነሱ የተዳቀሉት በተፈጥሯቸው መድሃኒቱ ወደ አንጎላቸው እንዳይገባ የሚከለክለው በር የተበላሸ ሊሆን ይችላል፣ ለነሱ በጣም ትንሹም መርዝ ነው፣ አባቱ ያልታወቀ ውሻ ደግሞ... ይገባችኋል። ዲያዚኖንም እንደዛው ነው፣ ለከብት መርጫ ነው፣ በላዩ ላይ ሲደፋበት ለሃጩ መዝረብረብና መንቀጥቀጥ የጀመረ ውሻ በአይኔ አይቻለሁ። የተቃጠለ የመኪና ዘይትና ላምባ መቀባት ድሮ ከጋራዥ ዘበኛ ውሾች ጀምሮ የምናየው ነገር ነው፣ ውሻው ይልሰዋል፣ ቆዳው ይቃጠላል፣ ተባዩ ቢሞት እንኳን ጉበቱ ተጎድቶ ነው።

ሶስተኛው የቆዳው ኢንፌክሽን ነው፣ ይሄኛው ብዙ ጊዜ በራሱ የሚመጣ ሳይሆን የሌላው ተከታይ ነው። ውሻው ሲያክ ቆዳው ይቆስላል፣ ሲልስ ይረጥባል፣ እርጥብና የቆሰለ ቦታ ላይ ድሮም ቆዳው ላይ በሰላም የሚኖሩት ባክቴሪያና እርሾ ይባዛሉ፣ እነሱ ራሳቸው ደግሞ ያሳክኩታል፣ ያካል፣ ይቆስላል፣ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ባክቴሪያው ከሆነ ብጉርና መግል፣ ወይ ዙሪያውን እየተላጠ የሚሰፋ ቀይ ክብ ታያላችሁ። እርሾው ከሆነ በአፍንጫ ነው የሚታወቀው። ቦቢ ጣቶቹ መሃል ነበረበት፣ መዳፉን አንስቼ ሳሸተው የከረመ ሊጥ ይሸተኝ ነበር፣ ቡሃቃው ክዳን ሲነሳ የሚመጣው አይነት። ነጩ ፀጉር ደግሞ የዛገ ቀለም ይዞ ነበር፣ ደም መስሎኝ ደንግጬ ነበር ግን ከምራቁ ነው፣ ነጭ ውሻ አንድ ቦታ አብዝቶ ሲልስ ፀጉሩ ቀይ ቡኒ ይሆናል፣ ስለዚህ የት የት እንደሚልስ ካርታ ይሰራላችኋል ማለት ነው። ሐኪሙ ስኮች ለጥፎ አንስቶ ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያየው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ይሄ ምርመራ ርካሽ ነው፣ ያለሱ አንቲባዮቲክ የሚያዝላችሁ ካለ «በማይክሮስኮፕ ብናየውስ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ጆሮም እንደዛው ነው፣ በአመት ሶስት አራቴ ጆሮው የሚመረዝ ውሻ ጆሮው ላይ ብቻ አይደለም ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ ከስር አለርጂ አለ፣ ጥጥ በእንጨት አድርጋችሁ ውስጥ ድረስ አትግቡ ብቻ።

ምግብ። ሁሉም ሰው ከምግብ ነው የሚጀምረው ግን ምግብ የሚያስበውን ያህል አይደለም፣ ቢሆንም አለ። የምግብ አለርጂ አመቱን ሙሉ ነው፣ ወቅት አይጠብቅም፣ አንዳንዴ ሆድም ይነካል፣ ሰገራው ይለዝባል፣ ጋዝ ይበዛል። ውሻው አለርጂ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለአዲስ ነገር አይደለም፣ ሲበላው ለኖረው ፕሮቲን ነው። በ2016 የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ ፅሁፍ ውስጥ የምግብ አለርጂ ከተረጋገጠባቸው 297 ውሾች 34 በመቶዎቹ ለበሬ ስጋ ነበሩ፣ ቀጥሎ የወተት ተዋፅኦ፣ ዶሮ፣ ስንዴ። የኛ ሀገር ውሻ ምን ላይ ነው ያደገው? ስጋ ቤት ትርፍራፊ ላይ! ስለዚህ ከአንድ የበሬ ስጋ ያለበት የውሻ ምግብ ወደ ሌላ የበሬ ስጋ ያለበት የውሻ ምግብ እኔ አራቴ እንዳደረግኩት መቀየር ምንም ማለት አይደለም፣ ከረጢቱ ነው የተቀየረው።

የደም ምርመራ፣ የፀጉር ምርመራ፣ የምራቅ ምርመራ እያሉ የሚሸጡት የምግብ አለርጂን አያረጋግጡም። አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፣ በልቶት የማያውቀውን አንድ ፕሮቲንና አንድ የሚያጠግብ ነገር (እኔ አሳና ድንች አደረግኩ፣ ቆሮሶ በደንብ ተቀቅሎ፣ አጥንቱ ተለቅሞ፣ ያለ ጨው ያለ ሽንኩርት) ወይ ደግሞ ከተገኘ ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የተሰራ የሐኪም ምግብ ለ8 ሳምንት መስጠት፣ ሌላ ምንም። ምንም ማለት ምንም ነው። የምግብ አለርጂ ካለባቸው 10 ውሾች 9 ያህሉ በ8 ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል። ከተሻለው ደግሞ አላለቀም፣ የድሮውን ምግብ መልሳችሁ ትሰጡታላችሁ፣ ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ማከኩ ከተመለሰ ያኔ ነው የምግብ አለርጂ ነው የምትሉት። ለቡችላ ግን እንዲህ አይነት የቤት ምግብ ለረጅም ጊዜ አይበቃም፣ ካልሲየም ምናምን ይጎድለዋል፣ ከሐኪም ጋር ነው።

ያው ይሄ ወረቀት ላይ ነው ቀላል። እኔ 5ኛው ሳምንት ላይ ፋሲካ መጣ። አክስቴ እትዬ አሰለፈች ቤት ሞልቶ እያለ «ኧረ ልጄ ይሄ ውሻ ከሰው ሁሉ ተለይቶ እንዴት ይፁም፣ ክርስቶስ ተነስቷል እኮ!» ብላ የበግ ቅልጥም ከጠረጴዛ ስር ስትሰጠው ያዝኳት። «እትዬ መድሃኒት ላይ ነው» አልኳት። «መድሃኒቱን ነገ ይቀጥላል» አለችኝ። በቃ ከአንድ ተጀመረ። ስለዚህ ምክሬ፣ በሁለት ፆሞች መሃል ሳይሆን እንግዳ በማይበዛበት ጊዜ ጀምሩ፣ እና ለቤተሰብ አለርጂ ነው አትበሉ፣ «መርዝ ይሆንበታል» በሉ፣ እሱ ይሰማል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ እውነትም መርዝ ናቸው፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ስለዚህ ወጥና ሽሮ የለመደ ትንሽ ውሻ ካላችሁ አለርጂ ኖረም አልኖረም አቁሙ።

የቦቢ ችግር ምግብ አልነበረም። ቁንጫው ከሄደ በኋላ ወገቡ ዳነ፣ ፀጉሩ በቀለ፣ መዳፉና ጆሮው ግን ቀረ። እርሾው ታክሞም መስከረምና ጥቅምት ላይ ይብሳል፣ ሳሩ ሲያብብ። በአል ቀን ቄጠማ ከተጎዘጎዘ በኋላ ደግሞ ማታውን እግሩን ሲልስ ያድራል፣ አሁን ቄጠማው እሱ በማይገባበት ክፍል ነው። የቀረው እንግዲህ አቶፒ ነው፣ ይሄ የማይድን ግን የሚያዝ ነገር ነው፣ እንደ ስኳር ወይ እንደ አስም።

ስለ መድሃኒቶቹ። ያ የመጀመሪያው ተአምረኛ መርፌ ስቴሮይድ ነበር፣ ዘበኛውን የሚያበርድ መድሃኒት ማለት ነው። ስቴሮይድ መጥፎ ነገር አይደለም፣ ርካሽ ነው፣ ይሰራል፣ ለአጭር ጊዜ በእንክብል በትንሽ መጠን ሲሰጥ ያድናል፣ ችግሩ ምክንያቱን ሳታውቁ በየሶስት ሳምንቱ ስትወጉት ነው። ቦቢ ያኔ ውሃ ይጠጣ ነበር መጠጣት አይደለም፣ ምንጣፍ ላይ ይሸና ነበር፣ እኔ ባለጌ ሆነ ብዬ እቆጣው ነበር ምስኪን፣ መድሃኒቱ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሆን ቆዳው ይሳሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ጡንቻው ይቀልጣል፣ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። በድንገትም አይቆምም፣ እየተቀነሰ ነው። ከዲክሎፌናክና ከአይቡፕሮፌን ጋር ደግሞ ጭራሽ፣ እነሱ ብቻቸውንም ለውሻ አደገኛ ናቸው። ሌላው በ2013 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው አፖኬል የሚባለው እንክብል ነው፣ ማሳከኩን ወደ ነርቭ የሚያደርሰውን መልእክት ነው የሚያቋርጠው፣ በሰዓታት ውስጥ ይሰማል፣ 12 ወር ላልሞላው አይሰጥም። ሳይቶፖይንት ደግሞ መርፌ ነው፣ ያንኑ መልእክተኛ በአየር ላይ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ነው፣ አንዴ ተወግቶ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይቆያል። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ፍሬንች ቡልዶግ አላት፣ በየወሩ ይሄን ነው የምታስወጋው፣ የምትከፍለውን ስትነግረኝ «በዚህማ እኔን ባኖርሽኝ» አልኳት። በሰው አስልካለሁ ለምትሉ፣ ሳይቶፖይንት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፣ ሻንጣ ውስጥ ካልሲ መሃል 17 ሰዓት ከተጓዘ ውድ ውሃ ነው የምታስወጉት። ሴትሪዚን የሚባለውን የሰው የአለርጂ ክኒን የሚሰጡ አሉ፣ ውሻ ላይ ደካማ ነው፣ አንዳንዱን ትንሽ ይረዳል፣ «ዲ» የሚል የተጨመረበትን ግን ለአፍንጫ መደፈን ሌላ መድሃኒት ስላለበት ውሻን ሊገድል ይችላል፣ አደራ። የአለርጂ ክትባት የሚሉትም አለ፣ አለርጂ የሆነበትን ነገር በትንሽ በትንሹ እያስለመዱ ዘበኛውን ማሰልጠን ነው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ይረዳል ግን እስከ አንድ አመት ትእግስት ይፈልጋል። የአሳ ዘይት ጥሩ ነው፣ ሁለት ሶስት ወር ስጡት፣ ብቻውን አይበቃም።

ያለ ብዙ ብር ትልቅ ለውጥ ያመጣልኝ ግን ሳፋ ነው። ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ያለበት የውሻ ሻምፖ፣ በሳምንት አንዴ፣ ለብ ባለ ውሃ። ሙቅ ውሃ ማሳከክ ይጨምራል። ምስጢሩ 10 ደቂቃው ነው፣ ሻምፖው ቆዳው ላይ 10 ደቂቃ ካልቆየ እርሾውን በደንብ አይነካውም፣ ሁላችንም ግን በሁለት ደቂቃ ነው የምናጥበው። እኔ ሶስት ዘፈን እከፍታለሁ፣ ሶስተኛው እስኪያልቅ ቦቢ ሳፋው ውስጥ እንደ ታሰረ ሚኒስትር ተኮፍሶ ያየኛል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሳምንት በጆግ ነው። ከዛ ጣቶቹ መሃል ድረስ ማድረቅ፣ እርጥብ ከቀረ ሊጡ ይቦካል። የልብስ ሳሙና፣ በረኪና፣ ዴቶል፣ የሰው ሻምፖ አይሆንም፣ የውሻ ቆዳ እንደኛ አሲዳማ አይደለም ይደርቃል። ከውጪ ሲገባ ደግሞ እግሩንና ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ብናኙን በር ላይ ታወርዱታላችሁ። የሰው ክሬም ከመቀባታችሁ በፊት እንደሚልሰው አስቡ፣ የህፃናት ሽንት ጨርቅ ላይ የሚቀባው ዚንክ ያለበት ለውሻ መርዝ ነው፣ ቲ ትሪ ዘይትም «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ይሸጣል እሱም ለትንሽ ውሻ መርዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ስልኬ ላይ አንድ ነገር እፅፋለሁ፣ ማታ ማታ ከ0 እስከ 10 ቁጥር፣ 0 ምንም አላከከም፣ 10 እንቅልፍም ምግብም ትቶ ያካል። ከጎኑ ደግሞ የተለየ ነገር ካለ፣ ሻምፖ፣ ክኒን፣ ቄጠማ፣ አክስቴ መጥታ ነበር። ሐኪም ጋ ስሄድ «ትንሽ ተሽሎታል መሰለኝ» ከማለት ይሄን አሳየዋለሁ፣ መድሃኒት ጨምሩ ቀንሱ የሚለውን በዚህ ነው የምንወስነው። ፊቱ በድንገት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ንብ ነክሶት ካስመለሰ ግን ቁጥር መፃፍ የለም፣ ሩጡ። ባለፈው መስከረም የቦቢ አማካይ 7 ነበር። ዘንድሮ መስከረም 3 ነው፣ የትናንትናው 2፣ ከጎኑ «ሌሊት አንዴ ዱብ ዱብ፣ ተመልሶ ተኛ» ብዬ ፅፌበታለሁ።